ሁለት ሜትር ከአርባ በአንድ ሜትር ከሰማንያ

ቀያሹ ልሳነወርቅ ትናንት ከምሳ በኋላ፣ አዲሱ የቢሮ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደውና ሕልም አየ። ሕልሙን ከመንገሬ በፊት ግን ወንበሩ የት እንደነበረ መናገር አለብኝ።

ልሳነወርቅ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ባለሦስት እግሩን መሣሪያ ትከሻው ላይ አድርጎ ያልወጣው ዳገት፣ ያልዘለለው ቦይ የለም። አምና መዋቅሩ ሲቀየር የሥራ መደቡ ታጠፈና፣ ባልደረቦቹ የሸለሙትን የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ጓሮውን ሲዞር፣ ያልላላ አጥር ሲያጠብቅ፣ ሚስቱ ዘርትሁን ወጥ ስትሠራ ከኋላዋ ቆሞ ስለ ጨው አስተያየት ሲሰጥ ከረመ። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል፤ አስተያየቱን የምትሰማው እሷ ብቻ ነበረች። በመጨረሻ ዘርትሁን ራሷ፣ ሙያ በእጁ ያለ ሰው እንዲህ መንከራተት እንደሌለበት፣ እዚሁ ቤቱ ውስጥ ቢሮ ከፍቶ ለሰው ፕላን እየነደፈ፣ ወሰን እየለካ ሊሠራ እንደሚችል ነገረችው። ከምክሯ ውስጥ "ከወጥ ቤቴ ውጣልኝ" የሚል እንዳለበት አልጠፋውም። ቢሆንም ሐሳቡን ወደደው።

ለቢሮው የተፈቀደለት የሳሎኑ የመስኮት ጥግ ነበር። ዘርትሁን ብፌዋን አንድ ስንዝር ገፋ አድርጋ፣ ከዚህ በላይ ንቅንቅ እንደማትል አስታወቀች። ልሳነወርቅ ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ ሁለት ሜትር ከአርባ በአንድ ሜትር ከሰማንያ። በዚህች ላይ ነው እንግዲህ የተጠበበው። ጠረጴዛውን ብርሃን በግራ እጁ በኩል እንዲመጣለት አዞረው። የካርታ ጥቅሎቹን ወለሉን እንዳያጣብቡ ግድግዳው ላይ በተርታ ሰቀላቸው። የኤሌክትሪክ ገመዱን ሰው እንዳያደናቅፍ በግድግዳው ጠርዝ አስጠግቶ በምስማር ያዘው። ለባለጉዳይ የማይነቃነቅ ወንበር መረጠ፤ በሚወዛወዝ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የቀያሽን ልኬት አያምንም ብሎ ያስባል። ትናንት ሁሉም አለቀ። የመጀመሪያዎቹ ባለጉዳዮችም ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመጣለን ብለው ደውለውለት ነበር። ከረባቱን አሰረ፣ ምሳውን በላ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ ልክ እንደ ቢሮ ሠራተኛ፣ ተኛ።

በሕልሙ ከመኝታ ክፍሉ ተነሥቶ ወደ ሥራ እየሄደ ነበር። መንገዱ ስድስት እርምጃ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ፊሽካ ተነፋበት። የሳሎኑ በር ላይ ጎረቤታቸው እትዬ ወይንሐረግ የዘበኛ ካፖርት ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው ቆመዋል። እትዬ ወይንሐረግ በደኅናው ቀን በየጠዋቱ ይህንኑ በር ሳያንኳኩ የሚገቡ ሴት ናቸው።

ፍተሻ እንዳለ ነገሩት። እጁን ወደ ላይ አነሣላቸው፤ ኪሱን ዳብሰው አንድ ማንኪያ አወጡ። ማንኪያ ይዞ ወደ ሥራ ቦታ መግባት ክልክል ነው ብለው ወረሱት።

"እትዬ ወይንሐረግ፣ ቤቴ እኮ ነው" አላቸው።

"ቤት እዚህ የለም" አሉት ረጋ ብለው። "ቤት ያለው ቢሮ ነው።"

ከጠዋት ጀምሮ ቤት ሁሉ ቢሮ፣ ቢሮ ሁሉ ቤት እንደሆነ በሬዲዮ መነገሩን፣ ሰውም ሁሉ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወደየመሥሪያ ቤቱ መግባቱን አስረዱት። ልሳነወርቅ በነገሩ አልተገረመም። ያፈረው ዜናውን ሳይሰማ በመቅረቱ ብቻ ነው። ደረቱ ላይ "እንግዳ" የሚል ወረቀት ለጥፈው አሳለፉት።

ሳሎኑ ረዝሟል። ሶፋው በነበረበት በኩል ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር የተሰጣቸው መስኮቶች ተደርድረዋል። የቤታቸው ዶሮ መዝገብ ቤት ተመድባ የገቢ ደብዳቤ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች፤ በየሰዓቱ እያስካካች አንድ ክብ ማኅተም ትጥላለች፤ ማኅተሙም ትኩስ ሳለ በጨርቅ ተይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። ሰባተኛው መስኮት ላይ፣ ከብፌው ኋላ፣ ዘርትሁን መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ባሏን አይታ አወቀችው። ግን ሥራ ላይ ናት።

"ጉዳይዎ ምን ነበር?" አለችው።

በሃያ አራት ዓመት ትዳር አንቱ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ለመኖሪያ የምትሆን አንዲት ጥግ እንደሚፈልግ አመለከተ። ጫማውን የሚያወልቅባት፣ እግሩን የሚዘረጋባት፣ ምሳውን የሚበላባት፤ ከዚያ ያለፈ አይጠይቅም። ዘርትሁን፣ ሰው ሁሉ ለመኖር ወደ ቢሮ በሚሄድበት ጊዜ እሱ የሥራ ቦታ መካከል መኖሪያ መክፈት ለምን እንዳስፈለገው ጠየቀችው። ልሳነወርቅ አልደነገጠም። ፕላኑን ከብብቱ አውጥቶ ብፌው ላይ ዘረጋላት። ፍራሹ እዚህ፣ ሳህኑ እዚህ፣ ብርሃኑ በግራ በኩል። ማንንም አያደናቅፍም፤ ገመዱ እንኳ በግድግዳው ጠርዝ ነው የሚሄደው።

ፕላኑን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ ብዙ አየችው። ንድፉ ጥሩ እንደሆነ ነገረችው። ልሳነወርቅ ቁመቱ ሲጨምር ተሰማው።

"ግን የተለካው ክፍሉ ነው" አለች። "ሰውየው አልተለካም።"

ሰው የሚለካው የት እንደሆነ ቢጠይቃት፣ ድሮ ይሠራበት የነበረው መሥሪያ ቤት ሄዶ መሬቶቹን እንዲያነጋግር ነገረችውና መስኮቱን ዘጋችው።

ከተማው ሥራውን ይዟል። ባንኩ ደጃፍ ላይ የታጠበ አንሶላ ተሰጥቶ ይንጠባጠባል፤ ሥራ አስኪያጁ በካልሲ ወጥቶ ያገላብጠዋል። ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ሦስት ዳኞች ነጭ ሽንኩርት እየላጡ ማን ያማስል በሚለው ተከራከሩ፤ ሳይስማሙ ሲቀሩ ወጡን ለሌላ ቀን ቀጠሩት። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሰዎች ዱቄት ተሸክመው ገብተው ስንዴ ይዘው ይወጣሉ። ትራፊክ ፖሊሱ መንገዱ መሀል ምንጣፍ አንጥፎ ፀሐይ እየሞቀ ተኝቷል፤ እንዳይነቃ ሹፌሮቹ ሞተር አጥፍተው መኪናቸውን በእጅ እየገፉ በጎኑ ያልፋሉ። ልሳነወርቅም ጫማውን አውልቆ አለፈ።

የድሮ መሥሪያ ቤቱ ኮሪደር የቁሌት ሽታ ሞልቶታል። የቀድሞ አለቃው አቶ ፍሥሐጽዮን የልጅ ልጃቸውን በጋቢ አዝለው ወለሉን ይጠርጋሉ። ሲያዩት ደስ አላቸው። በሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን እንኳ ያላሉትን፣ ግባ፣ ቁጭ በል፣ ምሳ ደርሷል አሉት። ክንዱን ይዘው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ወደተቀመጠበት ክፍል ወሰዱት። ጠረጴዛው በቦታው አለ። ግን ፍራሽ ተደርጎበታል፤ አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ትራሱ ላይ የልሳነወርቅ ስም በሰማያዊ ክር ተጠልፏል።

"አልጋህ ነው" አሉት። "ከወጣህ ጀምሮ ማንም አልተኛበትም።"

ልሳነወርቅ አንሶላውን በመዳፉ ዳሰሰው። ሙቀት አለው። እዚያ ላይ ቢጋደም ሁሉም ነገር እንደ ድሮው እንደሚሆን ታወቀው፤ ቢሮ ክፈት የሚለው አይኖርም፣ ባለጉዳይ ይመጣ ይሆን ይቀር ይሆን እያለም በመስኮት አያይም። አቶ ፍሥሐጽዮንም ትራሱን እየደበደቡ፣ ሰው ዕድሜውን የጨረሰበት ቦታ ቤቱ እንደሆነ፣ በዚህ ዕድሜ አዲስ ጥግ መፈለግ ትርፉ ድካም እንደሆነ አባብለው ነገሩት። ክፉ ሰው አልነበሩም። የሚሉትንም ያምኑበታል።

"አልተኛም" አላቸው። "ልለካ ነው የመጣሁት።"

አልተቀየሙም። ሕፃኑን ጀርባቸው ላይ ከፍ አድርገው እያስተካከሉ፣ በአገጫቸው የኮሪደሩን መጨረሻ ጠቆሙት።

የመለኪያው ክፍል ባዶ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሦስት መቶ ካሬ ሜትር የሚሆን ቦታ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። አንዱ ጫፉ ላይ ባሕር ዛፍ አለው፤ በሌላው ጥግ አንዲት ጥጃ ታስራለች፤ ጥጃዋ ሣሯን መንጨት አላቋረጠችም። ቦታው ሜትር ይዟል። ልሳነወርቅ ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ክንዱንም ወደ ጎን እንዳይዘረጋ፣ ያ ወሰን ማስፋፋት እንደሚሆንበት አስጠነቀቀው። ሜትሩ ከተረከዙ ተነሥቶ ማጅራቱን ሲነካው ቀዘቀዘውና ሽምቅቅ አለ።

"እኔን ስትለካኝ ተንቀሳቅሼ ነበር?" አለው ቦታው።

ያን ጊዜ አወቀው። ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ዳር ያለ፣ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት የለካው ቦታ ነበር። ያን ቀን ዝናብ ይዞት ተቻኩሎ የደቡቡን የወሰን ችንካር አርባ ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ መታው። ቢሮ ተመልሶ ሲያሰላ ስሕተቱን አየ። ስሕተቱን ለማረም ደብዳቤ፣ ለደብዳቤው ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ደግሞ ኮሚቴ ያስፈልግ ነበርና ዝም አለ። ይህን ለዘርትሁን እንኳ ነግሯት አያውቅም።

"የደቡቡ ችንካር" ብሎ ጀመረ።

"አውቃለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ጎኔ ተኝቻለሁ።"

ቁጣ አልነበረበትም፤ የወገቡን ሕመም ለሐኪም እንደሚናገር ሰው ነበር ያለው። ልሳነወርቅ ፊቱ ጋለ። ከዚያ ግን ራሱን ቀና አድርጎ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት ሳለ አንዲት ችንካር ለመንቀል ስንት ፊርማ ይጠየቅ እንደነበር፣ አሁን ግን የራሱ ቢሮ እንዳለው፣ ባለይዞታዎቹ ከተስማሙ ሄዶ በገዛ እጁ እንደሚያስተካክለው ነገረው። በሕልሙም ሆነ በእውኑ ቢሮዬ ብሎ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር፤ ቃሉም አፉ ላይ አልከበደውም።

ቦታው ልኬቱን ቀጠለ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከስድሳ ዘጠኝ ሆነ፤ መታወቂያው አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት ይላል። ሦስቷን ሳንቲሜትር ከማን እንደወሰዳት ሲጠየቅ ከሰማይ እንደሆነ አመነ። እንዲመልስ ታዘዘ፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ መለሰ። በመጨረሻም ቦታው በዙሪያው አራት ችንካር መትቶ በመካከላቸው ያለውን አነበበ። ሁለት ሜትር ከአርባ በአንድ ሜትር ከሰማንያ።

"የጠየቅኸው ራስህን የምታክል ነው" አለው። "አላበዛህም።"

ካርታውን ሠርቶ ሰጠው። አዋሳኞቹ በምዕራብ መስኮት፣ በሰሜን ግድግዳ፣ በደቡብ ብፌ፣ በምሥራቅ ሚስት ተብለው ተጽፈዋል። የምሥራቋ አዋሳኝ ካልፈረመች ግን ካርታው አይጸናም።

ሲመለስ ከቤቱ በር እስከ አስፋልቱ ወረፋ ተይዟል። የተሰለፉት በየመሥሪያ ቤቱ የሚያውቃቸው ኃላፊዎች ናቸው፤ ጫማቸውን በእጃቸው፣ ትራሳቸውን በብብታቸው ይዘዋል። የሚኖሩበት ቢሮ ጠቧቸው አንድ አንድ ጥግ ሊለምኑ መጥተዋል። ልሳነወርቅ ካርታውን ከፍ ሲያደርግ፣ ባለካርታ ነው እየተባባሉ መንገድ ለቀቁለት። አንደኛው፣ ፊርማ ለማስፈረም ልሳነወርቅን አራት ወር ያመላለሰው ኃላፊ፣ እጅጌውን ይዞ ፍራሹን በየት በኩል ቢያደርገው እንደሚሻል ጠየቀው። ልሳነወርቅ ለቂም ጊዜ አልነበረውም። ከበሩ ፊት ለፊት እንዳያደርግ፣ መጀመሪያ ፀሐይ በየት ገብታ በየት እንደምትወጣ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ እንዲያይ፣ ዕቃ ከማስገባቱም በፊት ባዶውን ክፍል እንዲለካ መከረው። ሰውየው በትራሱ ጨርቅ ላይ ጻፈው። ከኋላ ያሉትም ጻፉ።

ዘርትሁን ካርታውን ተቀብላ አነበበች። "በምሥራቅ ሚስት" የሚለው ላይ ጣቷን አሳረፈች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤ አንቱታውንም ተወችው።

"ሃያ አራት ዓመት እዚህ ስኖር እኔን የለካኝ ሰው የለም" አለችው። "መጀመሪያ እኔን ለካኝ።"

ሜትሩን ከእግሯ ሥር ጀመረ። ብፌውን አለፈ። ሰባቱን መስኮቶች፣ መኝታ ክፍሉን፣ ወጥ ቤቱን አልፎ ወደ ጓሮ ወጣ። ጎመኑን ለካ፤ የልብስ ማስጫውን ገመድ ለካ፤ የውኃ ቧንቧውን ለካ። ሜትሩ አምስት ሜትር ብቻ ነበር፤ ግን አላለቀም፣ እየተተረተረ ተከተለው። ወሰኗ እዚህ ያበቃል ብሎ ችንካር ሊመታ ሲያጎነብስ ሁልጊዜ ትንሽ ይቀራል። ልጆቹ የተንፏቀቁበት ደረጃ በውስጡ ነው። እሱ ከመስክ ጭቃ ለብሶ ሲመለስ ቦት ጫማውን የምታጥብበት ድንጋይ በውስጡ ነው። አጥሩ ጋ ሲደርስ ችንካሩን እንደያዘ ቆመ፤ የሚመታበት ቦታ አጣ። ዞር ብሎ ቤቱን ሲያየው፣ ያቺ የመስኮት ጥግ በአራቱም ማዕዘን በእሷ ተከባ ታየችው።

ተመልሶ ብፌው ፊት ቆመ።

"በአራቱም በኩል አዋሳኜ አንቺ ነሽ" አላት።

"እሱን ያለ ሜትር አውቀው ነበር" አለች ዘርትሁን።

ለመፈረም ግን ያላትን ቅድመ ሁኔታ ተናገረች። ባለጉዳይ በሳሎኗ መሀል እያቋረጠ መሄድ የለበትም፤ መስኮቱ ወደ ታች ተከፍቶ በር ይሁን። በቢሮውና በሶፋዋ መካከል መጋረጃ ይደረግ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ካርታው ይጠቅለልና ባል ሆኖ ይምጣ። ወጥ ቤት ደግሞ ያለ ቀጠሮ አይገባም። ልሳነወርቅ በሁሉም ተስማማ። የመስኮቱ ወርድ ሰማንያ ሳንቲሜትር እንደሆነ፣ ለበር እንደሚበቃ፣ ከሥሩ የሚፈርሰው ግድግዳም ቤቱን እንደማይጎዳው በቃሉ አስረዳት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ፣ ሥራውን እንደሚችል ሰው አየችው። ፈረመች።

መዝገብ ቤት ዶሮዋ አስካካች። ማኅተሙ ትኩሱን መጣ። ዘርትሁን በመሐረብ ያዘችው፣ ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችና ክንዷን አንሥታ ግንባሩ ላይ መታችበት።

ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነቃ።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሶፋው ሞልቷል፤ የተረፉት በዱካና በምንጣፉ ጠርዝ ላይ ናቸው። የወሰን ክርክር ያለባቸው ሁለት ቤተሰቦች ከነሽማግሌዎቻቸው ተጠራርተው መጥተዋል። ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ የበሉበትን ሳህን በየፊታቸው እንዳስቀመጡ፣ ማንም ሳያስል፣ ሁሉም እሱን ያያሉ። ዘርትሁን ትሪ ይዛ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች።

ልሳነወርቅ ከረባቱን እያስተካከለ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ ቀደሙት።

"አይቸኩሉ ጌታዬ" አሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ባለቤትዎ ነግረውናል። መሬቱን መጀመሪያ እንዲህ ዐይንዎን ጨፍነው ነው አሉ የሚለኩት።"

ልሳነወርቅ ዘርትሁንን አያት። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

"ትንሽ ቀርቶኛል" አለና ዐይኑን መልሶ ጨፈነ።